ወደብ መያዝና ወደብ ማግኘት

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ መልካሳ ወርጄ ሦስት ቀን ሰንብቼ ተመለስኩ። መልካሳ ከአዳማ በአሰላ መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ አዋሽ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ቦሎቄና ሽንኩርት ሲነሳ ስሟ አብሮ ይነሳል። ያረፉት አክስቴ ናቸው። ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፤ ስለዚህ በድንኳኑ ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ ወሬው በዝቶ ነበር።

ወሬው ደግሞ አንድ ነው፤ አሰብ።

ካርታ ከሚጫወቱት ወጣቶች አንዱ፣ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ጅቡቲ የሚመላለስ ልጅ፣ ካርታውን እያወዛወዘ «አሰብ እኮ ከድንበራችን 60 ኪሎ ሜትር ናት። ከዚህ አሰላ እንደ መሄድ ነው። ሁለት ቀን አትፈጅም!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹም አጨበጨቡ። ከእኔ አጠገብ አንድ ጡረተኛ ተቀምጠዋል። በሰፈሩ «ጋሽ ባሕረኛ» ነው የሚባሉት፤ በደርግ ዘመን የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በግንቦት 1983 ከአሰብ በመርከብ ወደ የመን ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። ተመልሰው መጥተው እዚያው አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ቀና አሉና «ልጄ፣ መግባቱንስ ትገባ ይሆናል። መርከቡን ማን ያስገባልሃል?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም ለጊዜው አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከዚያ ጥያቄ ጋር ስታገል ነው።

በቅድሚያ አቋሜን ልናገርና ልገላገል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር የባሕር በር ጥያቄ ማንሳቷ ነውር ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በ1985 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ስለ አሰብ አጠቃቀም በወረቀት የተቋጨ አስተማማኝ ውል ሳይያዝ መለያየታችን ትልቅ ስሕተት ነበር ብዬ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ሲናገሩ ጉዳዩ ከሹክሹክታ ወጥቶ የአደባባይ ጉዳይ መሆኑን በበኩሌ አልጠላሁትም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 በአንካራ መግለጫ በረደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመጋቢት 2017 ለምክር ቤቱ በቀይ ባሕር ምክንያት ከኤርትራ ጋር የመዋጋት ፍላጎት እንደሌለ ተናግረዋል። ሆኖም የድንኳኑ ወሬ ይህን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አላመነም። በመስከረም 2018 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጻፉት ደብዳቤ አስመራን ለጦርነት እየተዘጋጀች ነው ብለው ከከሰሱ በኋላማ ወሬው ጭራሽ ብሶበታል።

እንግዲህ ወደ ጋሽ ባሕረኛ ጥያቄ እንመለስ። በቀይ ባሕር ላይ ወደብ በጉልበት ሲያዝ ያየነው ታሪክ አለን። ያውም ከራሳችን ቤት።

ምጽዋን ሻዕቢያ ለመያዝ የሞከረው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1970 ነበር። ከተማዋን ከየብስ በኩል ከቦ፣ በሳሊና የጨው ሜዳ አድርጎ ወደ ባሕር ኃይሉ ሠፈር ለመግባት ሞከረ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ መደበቂያ የሌለው ውኃ የተኛበት ጨው ነው። ከፊት የጦሩ ምሽግ፣ ከባሕር በኩል የመርከብ መድፍ ይጠብቀው ነበር። ብዙ ሰው አልቆ ሙከራው ከሸፈ። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ለወራት ተከባ ብትቆይም አልወደቀችም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአስመራው መንገድ ቢዘጋም ስንቁና ጥይቱ በመርከብ ይገባላት ነበር።

ሁለተኛው የካቲት 1 ቀን 1982 የጀመረው፣ ሻዕቢያ «ፈንቅል» ያለው ዘመቻ ነው። በ12 ዓመት ውስጥ አጥቂው አንድ ነገር ተምሮ መጥቶ ነበር፤ ባሕሩን። መትረየስና ሮኬት የተጠመደባቸው ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች አዘጋጅቶ፣ ታንኩ በየብስ ሲገፋ ጀልባዎቹ መርከቦቹን ከባሕር ይወጓቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአስመራ መንገድ ተቆረጠ። የካቲት 3 ቀን የባሕር ኃይሉ ሠፈር ተያዘ። የተረፈው ጦር ወደ ጥዋለት ደሴት ተሰበሰበ። ምጽዋን ያየ ያውቃታል፤ ጥዋለትን ከየብሱ ጋር የሚያገናኛት በባሕሩ ላይ የተደለደለ ጠባብ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ እንዲሁ ዓይነት መንገድ ዋናውን የወደብ ደሴት ያገናኛል። እጅ ስጡ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ታንኮቹ በዚያች ጠባብ መንገድ፣ ጀልባዎቹ በውኃው ላይ መጡባቸው። በየካቲት 10 ሁሉም ነገር አለቀ። የ6ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን መግደልን መረጡ።

የአክስቴ የበኩር ልጅ ምጽዋ ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው በዚያ ዓመት ለገና የደረሰ ነው። እኔ ያኔ በስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ነበርኩ፤ ከተማዋ መውደቋን የሰማነው ሌሊት ሬዲዮ ከጆሯችን ደግነን ነው። አክስቴ ግን መርዶ አልደረሳቸውም። በቀጣዩ ዓመት መንግሥቱ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፤ የሚረዳቸው አዛዥ፣ የሚጠየቅ ክፍል አልቀረም። አንድ ሁለት መሥሪያ ቤት ይዤያቸው ሄጃለሁ። አንዱ ወደ ሌላው መራን፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰን። «ሞቷል ያለኝ ሰው ሳይኖር እንዴት አለቅስበታለሁ?» ይሉ ነበር። 35 ዓመት አላለቀሱበትም። ባለፈው ሳምንት ቄሱ ለፍትሐት ስም ሲጠይቁ የልጁ ስም ከእናቱ ስም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙታን ጋር ተጠራ።

ይህን ያነሳሁት አንባቢን ለማስለቀስ አይደለም። ከድሉ በኋላ የሆነውን ለማየት ነው። ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ፤ ወደብ ግን አላገኘም። ደርግ የለቀቃትን ከተማ በአውሮፕላን ደበደባት፤ ክላስተር ቦምብና ናፓልም ጭምር ወረደባት። ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፣ መጋዘን ውስጥ የነበረ የእርዳታ እህል ነደደ። ወደቡ ለወራት ያለ ሥራ ከረመና በመጨረሻ ለእርዳታ እህል የተከፈተው ሁለቱ ተፋላሚዎች በተባበሩት መንግሥታት በኩል ተስማምተው ነው። ያም ማለት ወደቡን የያዘው ወገን እንኳ ያለ ጠላቱ ፈቃድ አንድ መርከብ ማስገባት አልቻለም። ደርግ በበኩሉ አስመራ የቀረውን ግዙፍ ሠራዊት በአየር ብቻ ሊቀልብ ተገደደና 15 ወር ቆይቶ ሁሉንም አጣ።

ከዚህ የምረዳው፣ ወደብን ለመጠቀም ዳርቻውን መያዝ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ባሕሩንም ባትይዘው እንኳ የሚይዘው ሰው ሊፈቅድልህ ይገባል። ጋሽ ባሕረኛ ይህን በራሳቸው ቋንቋ ነው ያስረዱኝ፤ «ወደብ ማለት ክሬኑና መጋዘኑ አይምሰልህ። መርከቡን እየመራ የሚያስገባ ፓይለት ነው፣ ጎታች ጀልባ ነው፣ በአፉ ላይ ፈንጂ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ ከፈራ አለቀ!»

ካፒቴኑ ሲፈራ ምን እንደሚሆን በቅርቡ አይተናል። የየመን ሑቲዎች ከኅዳር 2016 ጀምሮ በቀይ ባሕር የሚያልፉ መርከቦችን ሲመቱ፣ ይህ ነው የሚባል ባሕር ኃይል አልነበራቸውም። ድሮን፣ ሚሳይልና ጀልባ በቃቸው። ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ስዊዝን ትተው አፍሪካን ዞሩ። የጦርነት ሥጋት የኢንሹራንስ አረቦን፣ ቀድሞ እዚህ ግባ የማይባል የነበረው፣ ወደ መርከቡ ዋጋ አንድ በመቶ ገደማ የተጠጋበት ጊዜ ነበር። መርከቡ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ለአንድ ጉዞ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ያን ሒሳብ የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ዘይትና ማዳበሪያ ገዢው ነው። ማዳበሪያ ካልኩ ዘንድ፣ በየካቲት 2016 የተመታችውና ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰጠመችው «ሩቢማር» የጫነችው ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። ለመልካሳና ለወንጂ ገበሬ ይህ የውጭ ዜና አይደለም።

እንበልና አሰብ በሁለት ቀን ተያዘች። በሦስተኛው ቀን ከምጽዋ ወይም ከዳሕላክ የሚነሳ አንድ ጀልባ፣ ወይም ከተራራ ጀርባ የሚነሳ አንድ ድሮን፣ በወደቡ አፍ ላይ አንድ መርከብ ቢመታ ሁለተኛውን መርከብ የሚልክ ኩባንያ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ ዕቃችን የሚገባበት የጅቡቲ መስመርም ከዚያው ቀጠና ብዙም አይርቅም። ያለንን አንዱን በር እያንኳኳን ሌላውን ልንሰብር ነው።

በዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ነኝና ሌላውን ፊት ሳልነካ ማለፍ አልችልም። «ሕግ ድሮስ ምን አደረገልን?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ የሐኒሽን ታሪክ ላስታውሰው።

ኤርትራ ነፃነቷን ባወጀች በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1988፣ በጀልባ ወታደር አውርዳ ታላቁን የሐኒሽ ደሴት ከየመን ነጠቀች። ውጊያው ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። የየመን ወታደሮች ተማረኩ፣ አስመራ ጨፈረች። ከወታደራዊ እይታ ከታየ ከባሕር ወደ የብስ የተደረገ የተሳካ ዘመቻ ነው፤ ደሴቱ ደግሞ ወደ ባብ ኤል መንደብ የሚወስደውን መተላለፊያ ይቆጣጠራል። ከዚያስ? ሁለቱ አገሮች በፈረንሳይ አሸማጋይነት ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዱ። ጉባኤው መስከረም 29 ቀን 1991 ፍርዱን ሲሰጥ ሐኒሽን ለየመን ወሰነ። ኤርትራም ወታደሯን አስወጥታ አስረከበች። በሦስት ቀን የተያዘው በሦስት ዓመት ተመለሰ። በጉልበት መያዙ በዳኞቹ ሚዛን ላይ ለኤርትራ አንድ ግራም አልጨመረላትም። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

የራሳችን ፋይልም አለ። የ1990ው ጦርነት ካበቃ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት ሁለት ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። የድንበሩ ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ባድመን ለኤርትራ ሲሰጥ ተቆጣን፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ካሳ ኮሚሽኑ ግን ብዙ አናወራም። በታኅሣሥ 1998 በሰጠው ውሳኔ ኤርትራ በግንቦት 1990 ባድመን በማጥቃቷ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር አንቀጽ 2(4) ጥሳለች አለ። ኤርትራ «መሬቱ የእኔ ነው፣ የገባሁት ወደ ራሴ መሬት ነው» ብላ ተከራክራ ነበር። ኮሚሽኑ አልተቀበላትም። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሌላው በሰላም የያዘውን ቦታ በጦር ማስለቀቅ ራስን መከላከል ሊባል አይችልም ነው መልሱ። ይህ ለኢትዮጵያ የተፈረደ ፍርድ ነው። በጠበቆቻችን ድካም የተገኘ ነው። ነገ አሰብ ላይ ታንክ ብንሰድ፣ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብብን ይኸው የራሳችን ፍርድ ነው።

የገንዘቡን ነገር ማየት የሚፈልግም ይመልከተው። ኮሚሽኑ በነሐሴ 2001 ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ከ160 ሚሊዮን በላይ ወሰነ። በአስር ሺዎች ለሚቆጠር ሬሳ ልዩነቱ ይህን ታህል ነው።

«ቡሬ ድረስ ደርሰን ለምን ቆምን?» የሚለው የ1992 ክርክር ዛሬም በየቢራ ቤቱ አለ። ጄኔራሎቹም ፖለቲከኞቹም እርስ በርስ ይካሰሱበታል። እኔ ወታደር ስላልሆንኩ ስለ ግንባሩ አልፈርድም። ሆኖም የ60 ኪሎ ሜትሩ ነገር እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 አፄ ምኒልክና ጣሊያን በተዋዋሉት ውል ድንበሩ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እንዲሄድ ተባለ። የመልካሳው ልጅ የጠቀሳት ቁጥር የውል ቁጥር ናት። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 2 የኢትዮጵያ ወሰን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተወሰነው ነው ይላል። ውሉ ፈርሷል ወይም ፍትሐዊ አልነበረም የሚል ካለ መከራከሪያው ይሰማ፤ እኔም አንዳንዱን እጋራዋለሁ። ነገር ግን መከራከሪያው የሚቀርበው ከዳኛ ወይም ከተደራዳሪ ፊት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ሕጉም ቢሆን ወደብ አይሰጠንም። ቦሊቪያ ከ1879ኙ ጦርነት ጀምሮ ባሕር የላትም። ያኔ ቺሌ በመጀመሪያ አንቶፋጋስታን ያዘች፤ ቀጥሎ ፒሳጓ ላይ ከመርከብ ጦሯን አውርዳ ወደ ውስጥ ገፋች። ቦሊቪያ ከብዙ ዘመን በኋላ ቺሌን ዘ ሄግ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ቺሌ የባሕር በር ለመስጠት የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ በ12 ድምፅ ለ3 ፈረደ። የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 125 ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት አላቸው ይላል፤ ዝርዝሩን ግን ከጎረቤት ጋር ለሚደረግ ስምምነት ይተወዋል። የሚያሳፍረው ኢትዮጵያ ይህን ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1982 ፈርማ እስካሁን አለማጽደቋ ነው። ያላጸደቅነውን ሕግ መብታችን ነው ብለን ስንጠቅስ የሚሰማን ጠበቃ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

በሰላም የተገኘውንስ ምን አደረግነው? በ2010 የበርበራን ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረን። ከዱባዩ ዲፒ ወርልድና ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመ ውል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሶማሊላንድ ኢትዮጵያ ግዴታዋን በጊዜው ስላልፈጸመች ድርሻዋን አጥታለች አለች። ማን ጠየቀ? በየትኛው ስብሰባ ማን ማብራሪያ ሰጠ? በጦር የሚገኝ ወደብ ላይ ይህን ያህል የምንጮህ ሰዎች በውል የተገኘውን ወደብ በዝምታ ሸኘነው።

ኤምሬቶችን ያየ ነገሩ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሰብን ተከራይተው ጦር ሠፈር አደረጓት፤ ከዚያ ተነስተው ኤደን ላይ ወታደርና ብረት ለበስ አወረዱ፤ ከተማዋንም አስለቀቁ። ገንዘብ አላቸው፣ መርከብ አላቸው፣ አውሮፕላን አላቸው። በ2018 ግን ሆዴይዳ ወደብ ደጃፍ ደርሰው ቆሙ። ወደቡ ከተመታ ሚሊዮኖች ይራባሉ ተብሎ ዓለም ጮኸና በስቶክሆልም ስምምነት ተገታ። በ2021 ደግሞ አሰብን ነቅለው ሄዱ። ያን ሁሉ የያዘ ኃይል ያቆመው ነገር መርከብ የሌለውን አያቆመውም ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በሦስተኛው ቀን ማታ የከባድ መኪናው ረዳት ሻይ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ታዲያ ዝም ብለን ለጅቡቲ እየከፈልን እንኑር ነው የሚሉት?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በጋላፊ ሰልፍ ላይ ስንት ሌሊት እንዳደረ ነግሮኛል፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው። የመለስኩለት ይህን ነበር። መንግሥት የባሕር ሕግ ኮንቬንሽኑን ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያጸድቅ። የበርበራው ድርሻ እንዴት እንደታጣ በሪፖርት ይቅረብ። ከጅቡቲም፣ ከሶማሊያም፣ ከኬንያም፣ አንድ ቀን ከኤርትራም ጋር የሚደረገው ድርድር ኪራዩን፣ ድርሻውንና ዘመኑን ለይቶ ይጻፍ። ጦርነትን በሚመለከት ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(9) የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ቢመጣበት፣ እጁን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ወደቡን በምን መርከብ እናስጠብቀዋለን? አረቦኑን ማን ይከፍላል? የጅቡቲው መስመር ቢዘጋ ስንት ቀን የሚበቃ ነዳጅ አለን? የሚሞተውን ልጅ ስም ለእናቱ የሚነግራት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

ልጁ የመጨረሻውን ሰምቶ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ዞረ። የአክስቴና የልጃቸው ፎቶግራፍ እዚያ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ።

22 ነበር አልኩት። እሱም 22 ነው።